እማዬ ወፎቹን የምትጠራበት ዘፈን

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣

እታለም፣ እንደምን አደርሽ፣ እንደምን ዋልሽ፣ እንደምን አመሸሽ? ወረቀቱ በየትኛው ሰዓት እጅሽ እንደሚገባ ስለማላውቅ ሁሉንም ብዬሻለሁ። ጤናሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያነክስሽ ጉልበትሽ ተሻለው? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እህልስ ይወርድልሻል? ባለቤትሽና ልጆችሽ እንዴት ናቸው? እኔ፣ ሚስቴና ልጄ በጤና አለን። አባባም በጤና አሉ። ስለ አባባ ግን የምነግርሽ ጉድ ስላለ ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ስልክ ብደውል ብደውል አታነሺም። ደብዳቤ ይሻላል ያልኩት ለዚህ ነው፤ ቢያንስ ጠርቶ ጠርቶ አይዘጋም። መቀየምሽ ይገባኛል። ሳትደርሺ እማዬን ቀበርናት፤ እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን ከዚህ የባሰ አኮርፍ ነበር። ግን እመኚኝ፣ እዚህ የነበርነውም አልደረስንባትም። ጠዋት ጎመኗን ልታጠጣ ወደ ጓሮ ወጣች። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በአጥሩ በኩል ሰላም ስትላት እየሳቀች መልሳላታለች። ከዚያ በኋላ ውሃው ብቻ ሲፈስ ተሰማ። አልታመመች፣ አልተኛች፣ አንድ ቃል አልተናገረች። እኔ ሲደወልልኝ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የተበላሸ ሊፍት ጉድጓድ ውስጥ ወርጄ። "እሺ፣ መጣሁ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ብሎን ማጥበቅ ቀጠልኩ። ምን እንደተነገረኝ የገባኝ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰው ሲያናግረኝ ሁሉም ነገር ዘግይቶ ነው የሚሰማኝ፤ ድንጋጤው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

አንድ ጊዜ ብቻ በላክሽልኝ መልእክት፣ አባባን ብቻቸውን እንዳልተዋቸው፣ ቤቱን ዘግቼ ወደ እኔ እንዳመጣቸው ነግረሽኛል። እኔም ሚስቴም ተስማምተን የልጃችንን አልጋ ወደ እኛ ክፍል አስገብተን ቦታ አዘጋጀን። ዛሬ ነገ ስል ባለፈው ሳምንት ልብስ ሰፊዋ ደወለችልኝ። "አባትህን ቶሎ ድረስላቸው፤ ጠዋት ጠዋት የእናትህን ሹራብ ለብሰው ጓሮ ውስጥ ብቻቸውን ይጮኻሉ" አለችኝ። ክው ነው ያልኩት። እማዬን ባጣን ማግስት አባባ ደግሞ እያሉ ሊጠፉን ነው ብዬ ፈራሁ። የጭነት መኪና ያለውን ጓደኛዬን፣ ያንን ቦርጬ የምንለውን፣ ቅዳሜ ጠዋት ዕቃ ልናወጣ ነው ና ብዬው እኔ አርብ ከሰዓት ቀድሜ ሄድኩ።

አባባ በሩን ሲከፍቱልኝ ፀጉሬን አይተው "ይህን ጫካ ምነው ብትቆረጠው" አሉ። ይኸው ደህና ናቸው እኮ ብዬ ተጽናናሁ። ቤቱ ንጹሕ ነው። የእማዬ ነጠላ ጫማ የጓሮው በር ሥር እንደወለቀ አለ፤ አላነሱትም፣ እኔም አላነሳሁትም። ደንግጬ የቀረሁት ማድ ቤት ስገባ ነው። አንዱ ድስት ከሥሩ ከስሏል። ስጠይቃቸው "ረሳሁት" አሉኝ እንጂ ሊደብቁኝ አልሞከሩም። እራት ላይ ነገ መኪና እንደሚመጣ ነገርኳቸው። "ያንተ አራተኛ ፎቅ ጓሮ አለው?" ብለው ጠየቁኝ። በረንዳ አለው አልኳቸው። ሳህናቸውን አጥበው ተኙ።

ጠዋት ሶፋው ላይ እንደተኛሁ አንድ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። መጀመሪያ ጎረቤት እንጨት የሚሰነጥቅ ሰው መሰለኝ፤ የደነዘ መጋዝ ነው የሚመስለው። ቆይቶ ግን ቃል አለው። በመስኮቱ ብመለከት አባባ ጓሮው መሐል ቆመዋል። የእማዬን አረንጓዴ ሹራብ ከሸሚዛቸው ላይ ደርበዋል፤ እጅጌው ክርናቸው ላይ ቀርቷል። በአንድ እጃቸው የዳቦ ፍርፋሪ የያዘ ሳህን ይዘዋል።

እታለም፣ አባባ እየዘፈኑ ነበር።

አዎ፣ የኛው አባባ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቶርኖ ቤት ብረት ሲጮኽባቸው ውለው ማታ ሲገቡ፣ ሬዲዮ ከፍተን ካገኙን ኮታቸውን ሳያወልቁ "ዝጉልኝ" የሚሉን ሰውዬ። ወፍ ችግኝ ነቀለ ብለው ጓሮውን ሙሉ ቆርቆሮ በገመድ ያንጠለጠሉት፣ እማዬ ቀስ እያለች ስትበጥሰው እንደገና የሚያስሩት እሳቸው። ጆሮዬን አላመንኩም። ልብስ ሰፊዋ ጮኹ ብትል አልፈርድባትም፤ ዘፈን ነው ብሎ ለመገመት ድፍረት ይጠይቃል። ዘፈኑን ስለይ ግን እግሬ ወለሉ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የምሳችን ዘፈን ነበር።

ኑ ልጆች ኑ ቅረቡ፣
እጃችሁን ታጠቡ፣
ሳትጣሉ ሳትጋፉ፣
ዙሪያዬን ክበቡ።

ታስታውሺዋለሽ አይደል? እማዬ የምሳ ድስቷን አውርዳ ከየተበተንንበት የምትሰበስበን በዚህ አልነበር? እኛ አድገን ከሄድን በኋላ የት እንደገባ አስቤው አላውቅም ነበር። አባባ ደግሞ አንድም ጊዜ ፈገግ ሳይሉ፣ ኮስተር ብለው፣ አጥሩ ላይ ለተደረደሩት ድንቢጦች "እጃችሁን ታጠቡ" ይላሉ። ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ድንቢጦቹ ደግሞ አንድ በአንድ እየዘለሉ ወርደው እግራቸው ሥር ከበቡ። እታለም፣ እንደ ሞኝ አፌን ከፍቼ ነው የቀረሁት።

ስወጣ ሁሉም ብር ብለው ጠፉ። አባባ አላፈሩም፤ "አስበረገግካቸው" ብለው ተቆጡኝ። ቆይተን ደረጃው ላይ ቁጭ ስንል ነው ነገሩን ያወጉኝ። ከቀብሩ በኋላ ወፎቹ በየጠዋቱ የልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ እየተሰበሰቡ በሩን ያያሉ አሉኝ። አባባ መጀመሪያ ተናደዱ። ሰው ሞቶ እነዚህ ቁርስ ይጠብቃሉ ብለው በጭብጨባ አባረሯቸው። በማግስቱ መጡ። ፍርፋሪ ቢበትኑላቸው አልወርድ አሉ። "ምግቡን አይደለም፣ እሷን ነው የሚጠብቁት፤ እኔም እሷን ነበር የምጠብቀው" አሉኝ። ይህን ሲሉ ፊታቸውን ማየት አልቻልኩም። ሹራቧን ለብሰው ሲወጡ ሽቦው ላይ የነበሩት ወደ አጥሩ ቀረቡ። መውረዱን ግን እምቢ አሉ። ያኔ የእማዬ ዘፈን ትዝ አላቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መኝታ ቤት ሆነው በመስኮት ይሰሙት ነበር። ለኛ ስትዘፍነው ግን አንድም ቀን አልሰሙም፤ ምሳቸውን ብረት መሐል ነበር የሚበሉት። "ለናንተ የተሠራ መሆኑን የነገረችኝ ስለ ወፎቹ ስጠይቃት ነው" አሉኝ። ልጆቹ ሲሄዱ ድምፄ ምን ይሥራ ብላቸው ነበር።

ገና አልጨረስኩልሽም። ወፎቹ ሲመለሱ አባባ በጣታቸው እያሳዩ አስተዋወቁኝ። ሌሎቹን እየተጋፋች ትልቁን ፍርፋሪ የምትወስደው ወፍራሟ ድንቢጥ ድንቡሼ ትባላለች። በኔ ስም መሆኑ ነው። እማዬ ነች ያወጣችላት። ቅር ልሰኝ ስል ወፏ አንዱን ገፍትራ ቀማችው፤ ስሙ እንደሚገባት አመንኩ። ከጓሮው ጀርባ ወዳለው ግንብ ጫፍ ጠቁመው ደግሞ "ያቺ አኩራፊዋ ናት" አሉኝ። አንዲት ዋኖስ ናት፤ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ለብቻዋ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣለች። እታለም፣ ካንቺ ሌላ ማን አኩራፊዋ ይባላል? እማዬ በየጠዋቱ ሁለታችንንም ስትጠራን፣ ስታበላን ነበር። እኛ ደግሞ እዚያ ጓሮ ውስጥ መኖራችንን አናውቅም።

ያቺ ዋኖስ እማዬ ከሄደች ወዲህ አንድም ቀን አልወረደችም። እንደ አባባ ከሆነ ምክንያቱ ዘፈኑ ስላላለቀ ነው። እማዬ ሁሉም ከወረዱ በኋላ ወደ ግንቡ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ አባባ ከመስኮቱ አልሰሙትም። እኔን ጠየቁኝ። እኔ ከየት ላምጣው? ስታኮርፊና ገበታ አልቀርብም ስትዪ እማዬ ወደ ክፍልሽ በር ሄዳ በበሩ ቀዳዳ ቀስ ብላ ነበር የምትዘፍንልሽ። እኛ ጠረጴዛው ላይ ሆነን አንሰማም። ብቻ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዓይንሽ ቀልቶ፣ ሳቅሽን እየዋጥሽ ትመጪ ነበር። ያንን ክፍል በዚህ ዓለም ላይ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ወፍ ዘፈን ለይታ ትወርዳለች ወይ ካልሽኝ እኔ የሊፍት ሠራተኛ ነኝ፣ አላውቅም። ምናልባት ዋኖስ በተፈጥሮዋ ሰው አትቀርብ ይሆናል። አባባ ግን ያምናሉ፤ እኔም ከደረጃው ስነሳ ግማሽ አምኜ ነበር።

ቦርጬ መኪናውን አቁሞ ጡሩምባውን ሲነፋ አባባ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። "አኩራፊዋ ሳትወርድ ከዚህ ቤት አልወጣም" አሉ። እንደ ትእዛዝ ሳይሆን እንደ ልመና ነበር የተናገሩት። አባባ ሲለምኑ አይቼ አላውቅም። ቦርጬን ቁርስ አብልቼ ባዶ መኪናውን ይዞ እንዲመለስ አደረግሁት። ለምን አላመጣሃቸውም ብለሽ ትቆጪኝ ይሆናል፤ ተቆጪኝ፣ ቢያንስ ድምፅሽን እሰማለሁ። የተቃጠለውን ድስት አልረሳሁትም። ምድጃው ራሱን በራሱ የሚያጠፋበት ነገር ገጥሜለታለሁ፣ ልብስ ሰፊዋ በቀን አንዴ ብቅ ትላለች፣ እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ አድራለሁ። አባባ ያበዱ የመሰላት ልብስ ሰፊ ነገሩ ሲገባት፣ ሹራቡ ለአባባ ትከሻ እንዲበቃ ጎኑን ተርትራ ጨርቅ ጨምራበታለች።

ወፎቹ በልተው ሲሄዱ አባባ ትንሿን ሬዲዮ መስኮቱ ላይ አስቀምጠው ሙዚቃ ይከፍታሉ። ድምፁን ዝቅ ያደርጉትና ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንድ ሁለት ድንቢጥ ሽቦው ላይ ይቀራል። ትናንት አጠገባቸው ተቀምጬ አብሬ ሳዳምጥ፣ እማዬ ከሞተች ጀምሮ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ተነሳልኝ። ቁርሴንም በላሁ። አልጠፋም፤ ግን መተንፈስ ይቻላል። አንቺም ብቻሽን እዚያ እንዲህ ያለ ጠዋት ይኑርሽ አይኑርሽ እያሰብኩ ነው ይህን የምጽፍልሽ። አባባ ዘፈኑን ሊጠይቁሽ ፈልገው ስልኩን ሦስቴ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። አታነሳልኝም ብለው ፈርተው ነው። የቀብሩን ሰዓት የወሰኑት እሳቸው ስለሆኑ፣ ኩርፊያሽ ከሳቸው ጋር ብቻ ይመስላቸዋል።

ለባለቤትሽ አክብሮቴን አድርሺልኝ፤ ያኔ ስታለቅሺ አጠገብሽ ስለነበረ ውለታው አለብኝ። ትልቁን ልጅሽን አጎትህ ቁመትህን በፎቶ አይቶ ደነገጠ በዪልኝ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እሷም ታኮርፋለች ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ከየት እንዳመጣችው አልጠይቅም። ሚስቴ ናፍቀሻታል፤ ልጄም አክስቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለ ይጠይቃል። ልብስ ሰፊዋ እንኳ ሰላምታ ጻፍልኝ ብላ በአጥሩ ላይ ጮኻብኛለች። አባባ እስክጨርስ ጠብቀው እስክሪብቶውን ተቀበሉኝ። ከቀኑ በታች ያለው የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው።

ወንድምሽ ድንቡሼ

ከጓሮው በር ደረጃ ላይ፣ እሑድ፣ ሚያዝያ ፲፬

ልጄ፣ ዘፈኑ ቢጠፋብሽም ደውዪ። አባትሽ።