ዓሣ ያለበት መጋረጃ

ሰኞ፣ ኅዳር 16

የቀበሌው ሊቀመንበር የሻወር ቤቱን በር ከፍቶ አፍንጫውን ያዘ። «ይኼ መጋረጃ እርጥብ ፍየል ይሸታል» አለኝ። ቅዳሜ ከጎንደር የስብሰባ እንግዶች ይመጣሉ። እስከዚያ ካላጸዳሁት ተቀዶ ይጣላል፤ ክፍሉም የቀበሌው እህል መጋዘን ይሆናል።

በአባቴ ሆቴል የጽዳት ሠራተኛ ከሆንኩ አሥር ዓመት ሊሞላኝ ነው። ቤቱ ከተወረሰ በኋላ አባዬ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ከአራቱ ሻወሮች ዛሬ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው። መጋረጃውን እማዬ ናት ከአስመራ ያመጣችው። ከውጭ ሰማያዊ ዓሣ የታተመበት ጨርቅ፣ ከውስጥ ውሃውን የሚመልስ ስስ ላስቲክ።

ሌላው ቢጠፋ ይኼ እንዲጠፋ አልፈልግም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

አበላሸሁት። ከቀበሌ ሱቅ ለወሩ የደረሰኝን ሳሙና ጨረስኩ። ላስቲኩ ላይ የፈላ ውሃ ደፋሁ፤ በሻካራ ድንጋይ ፈተግሁት። ተጨማደደ። ቀለበት ከሚገባባቸው ቀዳዳዎችም አንዱ ተቀደደ። ሻጋታው ግን ከታች እንደ ጥላሸት ተለጥፎ ቀረ።

እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

የድሮው ሁሉ መጣብኝ። የአስመራ አውቶቡስ ሊማሊሞን ወጥቶ ሲደርስ ተሳፋሪው ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ ይወርድና ወረፋ ይይዝ ነበር። እማዬ ፎጣ በክንዷ ደርባ ትቆማለች። አባዬ ከደጅ ሆኖ ሹፌሮቹን በየስማቸው ይጠራል። ኮሪደሩ ሁሉ ሳሙና ሳሙና ይላል። ያኔ ይሰለቸኝ ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

እማዬን ጠየቅኋት። ለመጠየቅ ፈርቼ ነበር። ሆቴሉ ከተወረሰ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ተነስታ ትሄዳለች፤ በደጁም አልፋ አታውቅም።

«የፈላ ውሃ ደፋሽበት?»

«አዎ።»

«ላስቲክ እኮ ነው ልጄ። ለብ ያለ ነው የሚስማማው።»

ከዚያ አላቆመችም። እኔም እርሳስ ፈልጌ ጻፍኩ።

ጨርቁ ለብቻው፣ በእንዶድ። ላስቲኩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተዘርግቶ፣ በሎሚና በጨው፣ በለስላሳ ጨርቅ። ፀሐይ ላይ አይሰጣም፤ ይሰነጠቃል። ነፋስ ያለበት ጥላ ይሻላል። ሰው ታጥቦ ሲወጣ መጋረጃው ተሰብስቦ አይተውም፤ ሻጋታው የሚያድገው እጥፋቱ ውስጥ ነው።

ቆይታ «ዓሣዎቹ አሉ?» አለች።

ደብዝዘዋል አልኳት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ደባርቅ ገበያ ሎሚ የለም። ከቆላ የጫነ መኪና ሲቆም ሮጥኩ። ሹፌሩ ጋሽ በርሄ የድሮ ደንበኛችን ናቸው። ስድስት ሎሚ ሰጡኝና ለምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ሳቁ። «ያን ሁሉ ዳገት ስወጣ የማስበው የእናትሽን ሙቅ ውሃ ነበር» አሉኝ።

ሎሚው ሠራ። ላስቲኩ በስተጀርባው ያለው እጄ እስኪታይ ድረስ ጠራ። ከታች ሦስት ጣት ያህል ብቻ እምቢ አለ። ጨውና ብርዱ ጣቶቼን ሰነጣጥቋቸዋል። ደስ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

እማዬ መጣች። ሳትነግረኝ፣ በጓሮ በር። መርፌ፣ ክርና የሸራ ቁራጭ ይዛለች። ክፍሎቹን ላለማየት አንገቷን ደፍታ ኮሪደሩን አለፈች።

የተቀደደውን ቀዳዳ ሸራ ደርባ ሰፋችው። ያ እምቢ ያለውን ጫፍ ደግሞ በመቀስ ቆረጠችው።

«ያጥራል እኮ እማዬ።»

«ይጠር። ወለሉን ትወለውያለሽ።»

ስንሰቅለው ቀና ብላ ዘንጉን አየችው። «አባትሽ ይኼን ሲተክል አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ሳምንት ሙሉ ማንኪያ መያዝ አቅቶት ነበር። እኔ ነኝ ያጎረስኩት» አለች። ከዚያ ሳቀች። አባዬን አንስታ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

እንግዶቹ መጡ። ከመካከላቸው አራቱ ታጠቡ። ስለ መጋረጃው አንዳቸውም ምንም አላሉ፤ ይኸው ምስጋናዬ ነው። ሊቀመንበሩ ገብቶ አሸተተ፤ ላስቲኩን በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። «የመጋዘኑ ነገር ለጊዜው ይቆይ» አለ።

«ለጊዜው» የምትለዋን አልወደድኳትም። ቢሆንም ሳምንቱን ሙሉ ያልበላሁትን ምሳ ዛሬ በላሁ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከቅዳሴ መልስ እማዬ ነጠላዋን እንደለበሰች በዋናው በር ገባች። ፎጣ ይዛለች። «መታጠብ ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ፤ ራሷ ባሠራችው ቤት።

ውሃ አሞቅሁላት። መጋረጃውን ስትስበው ቀለበቶቹ ዘንጉ ላይ ሲንሸራተቱ ሰማሁ። እዚያ ውስጥ ሆና ስለ አባዬ ታወራኝ ጀመር፤ ይኼን ቤት ሲጀምሩ አልጋ ሳይኖር ሻወር ይቅደም ብሎ እንዴት እንዳስቸገራት። በውሃው ድምፅ ግማሹ አልተሰማኝም። ወደ መጋረጃው ተጠጋሁ።

ፊቷ ቀልቶ ወጣች፤ አሥር ዓመት የቀነሰች መሰለችኝ። ፀጉሯን በፎጣው እየጠቀለለች «በሚመጣው እሑድ ብመጣ ይከለክሉኝ ይሆን?» አለች።

አላውቅም። ነይ አልኳት።