ለዓፊያ፣ ስለ ሆድሽ ዱቄት

ዓፊያ ልጄ፣

ሰንበቴ ገበያ ወርጃለሁ። ዛሬ ዱቄት ልትገዢ ደሴ ድረስ እንዳትሄጂ።

ሐኪሙ ለሚነፋው ሆድሽ ያዘዘልሽን በቆርቆሮ የታሸገ ዱቄት ገና በመጀመሪያው ቀን ደፍቼዋለሁ። ልቀምሰው ስከፍተው ከእጄ አመለጠ። ውሃ ሲነካው እንደ ንፍጥ ተዝለገለገ፤ ዶሮዎቹ እንኳ ተጠየፉት።

አፉ በይኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ «የደሴው መድኃኒት አሻለኝ» እያልሽ የጠጣሽው የጨፋ ሮቢት ተልባ ነው። ቆልቼ ወቅጬ ቆርቆሮው ውስጥ የሞላሁልሽ እኔ ነኝ። የሰው ልጅ ታስተምሪያለሽ፣ ተልባን ግን ከመድኃኒት አትለዪም!

ጓዳ ሌላ አስቀምጬልሻለሁ። በብዙ ውሃ ጠጪው።

ስለ ሆድሽ ለማንም አልተነፈስኩም፣ ወላሂ። ለጎረቤታችን ለፋጥማ ብቻ ነው። እሷም ከሰዓት በኋላ ሰባት ሴቶች ይዛ፣ እንዴት እንደተሻለሽ ልትጠይቅሽ ትመጣለች።

አያትሽ፣ አኮ ሰዒዳ