ተመላሽ ጧፍ

ኅዳር 1፣ እሑድ

ሱቁን ዘግቼ ገና መግባቴ ነው። እግሬ አብጧል። ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ ጧፍ ስሸጥ ዋልኩ። ሰበካ ጉባኤ ተመረጥሽ ሲሉኝ ስብሰባ መቀመጥ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ባለሱቅ መሆን ኖሯል።

ግን ማስታወሻዬ፣ ዛሬ ትንሽ ደስ ብሎኛል። በድሬ ሙቀት እንደ ማካሮኒ የሚጎብጠውን የፋብሪካ ጧፍ ትተን የአስካለን መሸጥ ጀመርን። አስካለ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ከደቻቱ ማዶ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር ፈትል እየገመደች ሰም ትነክራለች። ድሮ ደላላው የሰሙን ዋጋ እንኳ አይሸፍንላትም ነበር። አሁን ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ፣ በሚገባት ዋጋ ትገዛታለች። ሥልጠና የሰጠን ሰውዬ "ፍትሐዊ ንግድ" ነው ያለው። በሰ/ጉባኤ ያሳለፍኩት እኔ። ስንት ስብሰባ ፈጀ! አስተዳዳሪያችን አባም ከስብከት በኋላ አወጁልን፤ የእህቶቻችሁን ጧፍ ግዙ ብለው። ሰው ተሻማበት።

ኅዳር 8፣ እሑድ

ዛሬም ተሻሙ። አስካለ ቀጣዩ ትዕዛዝ መቼ ነው አለችኝ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚወጣው ሕዝብ በእኛ በኩል ያልፋል፣ ብዙ ያስፈልገናል አልኳት። አፌ ሲፈጥን!

ከዚያ የሱቁን ጓዳ ከፈትኩ። እስከ ጣሪያ ጧፍ። የአስካለ ጧፍ።

ምእመኑ ገዝቶ፣ ሳያበራ፣ ለማርያም ብሎ ለንብረት ጠባቂው፣ ለዕቃ ቤቱ ይሰጣል። ዕቃ ቤቱ ሰብስቦ ወደ ሱቅ ይመልሳል። እኛ እንደገና እንሸጠዋለን። ዘንድሮ የመጣ ነገር አይደለም፣ የኖረ ነው። እንዴት አላሰብኩትም? የፋብሪካው ጎብጦ ተሰባብሮ ይጣል ስለነበር ሌላ እናዛለን። የእሷ ግን ቀጥ ብሎ ይከርማል። ጥሩ አድርጋ ስለሠራች ተቀጣች። ራሴን አመመኝ።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ፣ ከሥራ መልስ

ገንዘብ ያዣችንን አቶ ተስፋዬን ከዚራ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። የተመለሰውን አንሽጥ አልኳቸው። ሳቁ። ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ደግሞስ የዲያቆናቱ ደመወዝ ከየት ይምጣ? አሉኝ። ክፉ ሰው ቢሆኑ በቀለለኝ። አይደሉም። ዲያቆናቱስ ምን ይብሉ? ባጃጅ ይዤ ገባሁ።

ቤት ስደርስ ሰም ነጋዴው አብዲ ደወለ። ለገብርኤል በዓል ትፈልገዋለች ብሎ ለአስካለ ሰም አስቀምጦላታል። ሌላ ነጋዴ ልውሰደው እያለው ነው። ሁሌም አባዮ ነው የሚለኝ፣ እህቴ ለማለት። "አባዮ፣ ላቆየው ወይስ ልሽጠው? ወላሂ እኔም ልጆች አሉኝ።" እስከ ማርያም ንግሥ ጠብቀኝ አልኩት። ምን ተማምኜ እንደሆነ እንጃ።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ

ስብሰባ። ስለ ድንኳን ተወራ። ስለ ድምፅ ማጉያ ተወራ፣ ተጮኸም። ጧፉ ለሚቀጥለው ተላለፈ። አባ ሲወጡ ታገሺ ልጄ አሉኝ። ታገስኩ እኮ። ሰለቸኝ። ከአስካለ ጎረቤቶች አንዷ ሥራው ቆሟል ብላ ሰው ቤት ልብስ ልታጥብ ገብታለች አሉ። ሌሎቹም አይቆዩም።

ኅዳር 20፣ ዓርብ፣ የንግሥ ዋዜማ

አስካለ ሱቅ መጣች። ስለ ትዕዛዙ መስሎኝ ፊቴን የማደርግበት ጠፋኝ። አይደለም። ልጇ ታሞ ድኖላታል፣ የስለቷን ጧፍ ልትገዛ ነው። ቤትሽ ሞልቶ የለም ወይ? አልኳት።

"የስለትማ ይገዛል እንጂ ከሥራ ላይ ይነሣል?" አለች።

ራሷ የገመደችውን አንድ እስር ገዛች። ከቀሚሷ ጠርዝ ሰማያዊ ክር መዝዛ አሰረችበት፣ ሳመችው፣ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ስለ ትዕዛዙ አንድም ቃል ሳትተነፍስ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ዕቃ ቤቱ የዕለቱን ተመላሽ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ። ሰማያዊ ክር። አንዲት ሴትዮ ያንኑ እስር አነሣችና ስንት ነው? አለችኝ።

አይሸጥም አልኳት። እንባዬ መጣ። ሴትዮዋ ደንግጣ ሄደች።

ጓዳ ያለውንም ተመላሽ ሁሉ በካርቶን አድርጌ ለዕቃ ቤቱ መለስኩ። ለማርያም የተሰጠ ነው፣ ነገ ይብራ አልኩ። አፉን ከፍቶ አየኝ። አቶ ተስፋዬ ሲሰሙ ይቆጣሉ። ዲያቆናቱም ይቀየሙኛል። ምን እንደምመልስላቸው አላውቅም፣ እውነቴን ነው።

አብዲ ጋ ደወልኩ። ሰሙን ለአስካለ ስጣት። ማን አዘዘ? አለኝ። ቤተ ክርስቲያን አልኩት።

ነገ ከቅዳሴ በፊት ለአባ መንገር አለብኝ።