ጭንቅላቴን ፎቶ ያነሱ ዕለት

ደባርቅ፣ ኅዳር ፱ ቀን

ዛሬ ከሆስፒታል ተመለስሁ። ሐኪሞቹ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለብኝን እጢ ሲያወጡ ንግግሬን እንዳይነኩብኝ፣ ስናገር አንጎሌ የሚሠራበትን ቦታ አስቀድመው በፎቶ ማየት አለባቸው። ሐኪሙ «አባባ፣ ሳይነቃነቁ የሚያውቋቸውን ሰዎች ስም በልብዎ ይጥሩ» አለኝ።

«የልቤን ልትሰማ ነው?» ስለው ሳቀ።

«ቦታውን እንጂ ሐሳብዎን አናይም።»

እኔም ቄሱ በፍትሐት እንደሚጠሩት ከሙታን ጀመርሁ፤ ከአባቴ ተነሥቼ በተራ። ባለቤቴ ብርቄ ላይ ስደርስ ጭንቅላቴ ተነቃነቀ፣ ፎቶው ተበላሸ።

ውጭ የጠበቀችኝ ልጄ «ምነው አባዬ፣ ትንሽ ቢችሉት?» አለችኝ።

ሐሙስ እንደገና ያነሡኛል። ሐኪሙ «አሁን በሕይወት ያሉትን ይጥሩ» ብሏል። አውቶቡስ ውስጥ ሞከርሁት። ልጄን ጠራሁ። ከእሷ ወዲያ የመጣልኝ ሁሉ የተቀበረ ነው።