ፈታኙ መቅዘፊያ ሲይዝ

ነሐሴ 24፣ ዓርብ

ሻንጣ ሳዘጋጅ ዋልኩ። ለእሱ ሁለት ሹራብ፣ የጉልበቱ ቅባት፣ መነጽሩ። ለእኔ ያው የቆየው የእግር ጉዞ ጫማ። እስከ ሰኞ ሐይቅ ዳር ነን። የልጃችን ስጦታ ነው። «ጡረታ ወጥታችሁ ቤት ውስጥ ተፋጥጣችሁ ከምትውሉ ሂዱና ውሃ እዩ» አለችን። መፋጠጣችንን ማን ነገራት?

ከሰዓት መንገድ ጀመርን። እሱ ይነዳል፣ እኔ እንደወትሮው ከጎኑ ቦርሳዬን ታቅፌ። ዕድሜውን ሙሉ የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነበርና ጡረታም አላስተወውም። የቀደመንን ሁሉ «ይሄ ወድቋል!» ይላል። የቀደምነውንም።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል እንዲህ ነው... ቀን ያቃጥላል፣ ማታ ሹራብ ያስለብሳል።

ነሐሴ 25፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሐይቁን ተከትለን ተራመድን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ጉልበቱን እያመመው አልናገርም ብሎ ያነክሳል። እኔም አልጠየቅኩትም።

ጀልባ አከራዩ ጋ ቆምን። ፀሐይ ያጠቆረው ሳቂታ ሰውዬ ነው። ሰላምታው ሳያልቅ የኔው ጀመረ። «ሚስቴን ሦስት ጊዜ ፈትኜ ሦስቴም ጣልኳት! ለሚስቱ አዳላ እንዳይሉኝ ብዬ!» ሰውዬው ለይሉኝታ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይሄን ቀልድ በሠርግ፣ በልደት፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ሳይቀር ስቄለታለሁ። ዛሬ ግን መንጋጋዬን አመመኝ።

ያኔ በከተማችን ፈታኙ እሱ ብቻ ነበር። ሌላ ከተማ ሄጄ ልፈተን ብለው «ባሏን አላመነችም ሊሉን ነው» አለኝ። ሦስተኛውን አልረሳውም። ለፈተናው በተተከሉት እንጨቶች መሃል ወደኋላ ስገባ አንዱንም አልነካሁ። ሞተሩን አጠፋሁና ፊቱን አየሁ። «ወድቀሻል» አለ።

በዚያው ዓመት እናቴ ታመመች። የምትኖረው ባደግኩበት ወንዝ ዳር ነው፣ ከእኛ በመኪና የሁለት ሰዓት መንገድ። አውቶቡስ በሳምንት አንዴ ነው፣ እሱም እኔ ፖስታ ቤት ተረኛ በምሆንበት ቀን። ፈታኙን ለመንኩት። «ቅዳሜ እወስድሻለሁ» አለኝ። ቅዳሜ ሲደርስ ጎማው፣ ሌላ ቅዳሜ ድካሙ፣ ሌላ ቅዳሜ እንግዳው። በመጨረሻ ጎረቤት አደረሰኝ። ተቀብራ ነበር።

እራት ላይ «ነገ ጀልባ እንያዝ» አልኩት።

«እኔ እቀዝፋለሁ» አለ።

መቅዘፊያ ነክቶ አያውቅም። እኔ ግን የወንዝ አሻጋሪ ልጅ ነኝ... ይህንን ረስቶታል። ቅዘፍ፣ ጌታዬ። ቅዘፍ።

ነሐሴ 26፣ እሁድ



ቀዛፊ ጀርባውን ለሚሄድበት ሰጥቶ ነው የሚቀመጠው። ፈታኙ ግን ዞሮ፣ ፊቱን ወደ ሐይቁ አድርጎ ቁጭ አለ። ጀልባ አከራዩ «አባባ፣ በዚህ በኩል ይዙሩ...» ሲለው «የምሄድበትን ሳላይ? ስንቱን ነጂ የፈተንኩ ሰውዬ ነኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰውዬው አየኝ። ጠቀስኩት፤ ጀልባውን ገፋልን።

አንዴ ዞርን። ደግሞ ዞርን። ዓይኑን ወደፊት ተክሎ ጀልባው ወደኋላ ይሄድበታል። ደስ አለኝ። እዚህ ማን ያነበዋል፣ በጣም ደስ አለኝ!

መሃል ስንደርስ ነፋስ ተነሳ። እጁ ውሃ ቋጥሯል። «አንቺ ትችያለሽ አይደል? እስቲ ያዢው» አለኝ። ተቀበልኩት። ሁለቱንም መቅዘፊያ ጀልባው ውስጥ አስተኛሁና እግሬን ጫንኩባቸው።

«መጀመሪያ ውጤትህን ልንገርህ። ወድቀሃል።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ማዕበሉ የጀልባውን ጎን ሲመታ ጠርዙን ጨመደደ።

«ቀልዱን ተይ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«ቀልዱ ያንተ ነው። ሦስተኛው ላይ ወድቄ ነበር ወይስ አልፌ?»

«አሁን እዚህ ውሃ ላይ...?»

«አዎ። እዚሁ ውሃ ላይ።»

ነፋሱ ወደ ማዶ ይገፋናል። ዋና አይችልም። አውቃለሁ። እግሬን ከመቅዘፊያዎቹ ላይ አላነሳሁም። ልቤ አልራራም።

«አልፈሽ ነበር» አለ። ሳያየኝ ጨመረ... «ሁለተኛውንም።»

ሁለተኛውንም!

«ለምን?»

«መንዳት ከቻልሽ እናትሽ ጋ ትመላለሻለሽ ብዬ... ቤቱን ትተሽው...»

መቅዘፊያውን አነሳሁ። ክንዴ የአባቴን አቀዛዘፍ አልረሳም። ዳር እስክንደርስ ፊት ለፊት ተያየን።

ነሐሴ 27፣ ሰኞ

ልጃችን ከባሏ ጋር ለምሳ መጣች። አማቻችን ሊያስደስተው ፈልጎ «አባባ፣ እስቲ እማማን የጣሏትን ይንገሩን» አለ። ሹካዬን አስቀምጬ ጠበቅሁ። ፈታኙ ውሃውን ጠጣ። «አልፋ ነበር» አለ። «እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ልጄ ፊቷ ተለዋወጠ። «አባዬ... አያቴ የሞተችው ያኔ አይደል?»

ወደ እኔ ዞረ። እኔ አላገዝኩትም። ይህቺን ሰዓት ስመኛት ኖሬ፣ ስትመጣ አንጀቴ ይርሳል ብዬ ነበር። አልራሰም። የእሱን ኬክ ጭምር በላሁ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ማንንም አልጣለም።

ኅዳር 11፣ ረቡዕ

ባለፈው ሳምንት አለፍኩ! በመጀመሪያው። ፈታኟ ወጣት ሴት ናት፤ «እናቴ፣ የት ነው የተማሩት?» አለችኝ። ድሮ፣ አልኳት።

ዛሬ ጠዋት ቁልፉን ከሚስማሩ ላይ አነሳሁ። ቦርሳዬን ከጎኔ ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ሞተር ሳስነሳ ፈታኙ ወጣ። ኮቱን ለብሷል፣ ጫማውን ጠርጓል፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቷል። በመስኮቱ በኩል ጎንበስ አለ።

«እናትሽ መቃብር ነው የምትሄጂው? እኔም ልምጣ... ይቅርታ ልበላት።»

መስታወቱን አየሁ። ከኋላ ማንም አይመጣም።

«ቅዳሜ እወስድሃለሁ» አልኩት።