የአሥራ አራቱ ሴቶች ኮከብ

ሰኞ

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ከአራት በላይ በክብር ሲኖር የቆየው የጨዋታዬ አማካይ ነጥብ ዛሬ ጠዋት በድንገት ወደ ሦስት ነጥብ ስምንት መውረዱን በጥልቅ ሐዘን አስታውቃለሁ።

አደጋውን ያደረሰው የማላውቀው ሰው ነው። ራሱን «ዝም ባይ» ብሎ ሰይሟል። ሁለት ኮከብ ሰጥቶ ከሥሩ «ሦስተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑ አይይዝም» ብሎ ጽፏል። ዝም ባዩ ይህን ካለ ተናጋሪው ምን ሊል ነው?

የስልክ ጨዋታ ነው፤ ሚኒባስ ይዞ ከእንጦጦ ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን መውረድ። ዓመት ከመንፈቅ ለፍቼበታለሁ። እኔ ስልክ ላይ ፍሬኑ ቀጥ ያደርጋል። ስለዚህ ሰውየው የተገዛ ጠላት ነው። ማን እንደገዛው ይጣራል።

ያስጨነቀኝ አርብ ነው። መሪ ሰፈር ያለ፣ ጨዋታ የሚሠራ ድርጅት ለሥራ ሊያነጋግረኝ ቀጥሮኛል። የድርጅቱ ሰው በስልክ «ከአራት በታች የሆነ ጨዋታ አናይም» ብሎኛል።

እስከ ትናንት የነበሩኝ ፈራጆች፦
ወንድሜ፣ አምስት።
ወንድሜ በሌላኛው ስልኩ፣ አምስት።
ጓደኛዬ ቤቲ፣ አራት። (አምስት የፈጣሪ ነው አለች።)
የድሮ የሥራ ባልደረባዬ፣ ሦስት። (ቅናት።)

ገለልተኛው ሸንጎ እንግዲህ ይኸው ነው።

ማክሰኞ

እቴቴ ዘነቡ ጋ ደወልኩ። አክስቴ ናት። ላምበረት አውቶቡስ ተራ አጠገብ ለመንገደኛ ቆሎና ዳቦ ትሸጣለች፤ የሴቶች እድርም ሰብሳቢ ናት። እሷ ከተመረጠች ወዲህ ከቀብር የቀረ አባል የለም። ጭንቀቴን ነገርኳት።

«ሰው ለጨዋታሽ ማርክ እየሰጠ ነው?»

«አዎ፣ በኮከብ።»

«ታዲያ ይሄ ያስለቅሳል? ለሴቶቹ ነግሬ አንደኛ አስወጣሻለሁ!»

ሕሊናዬን ትንሽ ኮሰኮሰኝ። ግን ዝም ባይ ከተገዛ እኔ ብለምን ምን አለበት? ከሰንበት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራት በላሁ።

ረቡዕ

አንድ ነጥብ ሰባት።

ዓይኔን አሽቼ ደግሜ አየሁት። አንድ ነጥብ ሰባት። አሥራ አራት ሴቶች አንድ አንድ ኮከብ ሰጥተውኛል። ከሥሩ ያለው ደግሞ ምርቃት ነው። «የእኛ ልጅ፣ ኩራታችን፣ ከፍ በይልን!» አንድ ኮከብ። «እጅሽ ይባረክ!» አንድ ኮከብ። እንዲህ እየተመረቀ የተዋረደ ሰው አላውቅም።

ደወልኩ። «እቴቴ፣ ምን በደልኳችሁ?»

«ምን ጎደለ? አንደኛ አልንሽ!»

«አምስት ነው እኮ የሚሻለው!»

«አምስተኛ ልትወጪ? ሰባተኛ ክፍል አምስተኛ ወጥተሽ እናትሽ ሦስት ቀን አላናገረችሽም። ረሳሽው?»

አልረሳሁም።

ሐሙስ

ላምበረት ሄድኩ። ሴቶቹ በእቴቴ ዘነቡ መደብ ዙሪያ ስልካቸውን ይዘው ጠበቁኝ። አንድ በአንድ ወደ አምስት ቀየርን። አራት ነጥብ ሰባት! እልል አሉ፤ አውቶቡስ የሚጠብቁት መንገደኞች ሙሽራ ፍለጋ ዞር ዞር አሉ።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። ደስታ አፌን ከፈተውና «ለመሆኑ ከመካከላችሁ የተጫወተው ማነው?» አልኩ።

«መጫወትም አለበት እንዴ?» አለች እቴቴ።

ደስ እንዲለኝ ብላ ግን ከፈተችው። የመጀመሪያውን ኩርባ አለፈች። ሁለተኛውንም። ሦስተኛው ላይ ፍሬኑን ተጫነች። ደግማ ተጫነች። ሚኒባሱ ገደል ገባ።

«ሄለንዬ! ሰው ጨረስኩ እኮ!» ብላ ስልኩን ቆሎው ላይ ጣለችው።

የሁሉንም ስልክ ሞከርኩ። እንደ እኔ ስልክ አዲስ ባልሆነው ሁሉ ላይ ሚኒባሱ ገደል ይገባል። ኮከቧን የቀነሰች ግን አንዲትም የለችም።

አርብ

መሪ ደረስኩ። የቀጠረኝ ሰው ነጥቡን አይቶ ፈገግ አለ። ጨዋታውን አልከፈተውም። ምላሴ አላስችል ብሎኝ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሴቶቹን፣ እድሩን፣ ገደሉን። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አደረገ።

«ሁሉም በአንድ ቀን ነው የሰጡት?»

«በሁለት። የመጀመሪያው በስህተት ነው።»

«ለእኛ ጨዋታዎችስ ይሰጡልን ይሆን? የአክስትሽን ቁጥር ላኪልኝ፤ ያንቺን የሥራ ጉዳይ ሰኞ እንነጋገራለን።»

ስለ ፍሬኑ አንድ ቃል አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብቼ፣ ከእቴቴ በተዋስኩት አሮጌ ስልክ እየሞከርኩ ፍሬኑን ጠገንኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በራሴ ስልክ ብቻ ነበር የሞከርኩት። ለዝም ባይ «ልክ ነህ፣ አስተካክያለሁ፣ እባክህ አንዴ ደግመህ ውረድ» ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን ዝም ብሏል።

የእቴቴን ቁጥር አልላክሁም። አልልክም ብዬም አልጻፍኩም። ሥራውን እፈልገዋለሁ።

እርማት፦ በሰኞው ማስታወሻ «የተገዛ ጠላት» ተብሎ የተገለጸው ግለሰብ በማንም ያልተገዛ፣ ጠላትም ያልሆነ፣ ይልቁንም ነጥብ ከሰጡት ሁሉ ተጫውቶ ጉድለቱን የተናገረ ብቸኛው ሰው መሆኑ በማጣራት ስለተደረሰበት፣ ቀደም ሲል የወጣው መግለጫ ተሽሮ በዚህ ተተክቷል። የጨዋታው ሠሪ ስሙን በማጥፋቷ ይቅርታ ትጠይቃለች።