በአንድ ጎኑ የተሳለ ሰንጢ

ውድ ጋሽ አንተነህ፣

መነጽርዎን አድርገው ይህን ደብዳቤ ራስዎ ያንብቡት። መቅዲ ታንብብልኝ እንዳይሉ። ልጅዎ ደግ ናት፣ እወዳታለሁ፤ ግን የምጽፍልዎ እንደ ንስሐ ያለ ነገር ስለሆነ በሌላ ሰው አፍ ሲነበብ ያሳፍረኛል።

ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ እሷ ዘንድ ከሄዱ ወዲህ በደወሉልኝ ቁጥር ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ስለዚያች ሰንጢ ነው። «ሰንጢዬስ?» ይላሉ። እኔም «ደህና ናት ጋሼ፣ ከኪሴ አትወጣም» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ሰንጢዎ ከተሰበረች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። የሰበርኳትም እኔ ነኝ።

አፕል ሳዳቅል፣ ቀንበጡን ቆርጬ ከሌላ ግንድ ጋር ስገጥም፣ ተሰብራ ቢሆን ኖሮ ያኑ ዕለት ደውዬ እነግርዎ ነበር። የተሰበረችው ግን የቀለም ቆርቆሮ ስከፍት ነው። የትምህርት ቤቱን በር ልንቀባ ተሰብስበን ክዳኑ እምቢ አለ። አንዱ ማንኪያ ይፈልጋል፣ አንዱ በድንጋይ ጠርዙን ይመታል። እኔ ሰው ሁሉ እያየኝ ሰንጢዋን መዘዝኩና ጫፏን ከክዳኑ ሥር ሰክቼ ወደ ላይ ጫንኳት። «የብርጓል፣ ስለት መቁረጫ ነው፤ መፈልቀቅ ካማረሽ ሚስማር ፈልጊ» ብለው ስንቴ ተቆጥተውኛል! ቁጣዎ ጆሮዬ ላይ የመጣው ቀጭ ካለች በኋላ ነው። ግማሿ በርራ ሣር ውስጥ ገባች። ሰዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን በሩን ዘግቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ ልንገርዎ። ጡረታ በወጡበት ዕለት ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ዲፕሎማ ያለው ሰው ሞልቶ ነበር። ሁሉም ሰንጢዋ ለማን ትደርስ ይሆን ይላል። እርስዎ ግን በባልዲ ውኃ እየተሸከመች ችግኝ የምታጠጣዋን፣ ከሥራ በኋላ ማዳቀል ያስተማሯትን የቀን ሠራተኛ ጠሩ። «እጅሽ አይንቀጠቀጥም» ብለው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ ስለ እኔ ደግ ነገር ሲናገር የሰማሁት የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነበሩ። ያኔ ይህን ልነግርዎ ፈልጌ ነበር፤ ግን «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ባልዲዬን አነሳሁ።

ሰንጢዋ ከተሰበረች በኋላ በመጣው ጥር በምላጭ አዳቀልኩ። የአፕል አምራቾች ማኅበራችን ሦስት መቶ ቀንበጥ በእጄ ነበር። ምላጩ ይታጠፋል፣ ቁርጡ ይወላገዳል፣ እኔም እልህ ይዞኝ እቀጥላለሁ። ከሦስት መቶው የያዘው አርባ ሰባት ብቻ ነው። ሌላው እንደ ጭራሮ ደርቆ ቀረ። አባላቱ ጓሯቸውን ቆፍረው፣ ፍግ አዘጋጅተው ሲጠብቁ ነበር፤ ጉድጓዱ ባዶውን ከረመ። ከመካከላቸው ክፉ የተናገረኝ ሰው የለም። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ምናለ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ፣ «የብርጓልን አልወቅስም። ድሮም እጁ የጋሽ አንተነህ ነበር» አለ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ይባስ ብሎ ደግሞ አመንኩት።

ዘንድሮ በታኅሣሥ ማኅበሩ ተሰብስቦ አምደሚካኤል የሚባል አዳቃይ ከመርጡለ ማርያም እንዲመጣ ወሰነ። እኔ የተዳቀለውን በላስቲክ እንድጠቀልል ተመደብኩ። ሰው ሊበተን ሲል ተነሣሁ።

«አንድ እስር ቀንበጥ ለእኔ ስጡኝ» አልኩ።

«በምን ልትቆርጪው?» አለ ምናለ። «በምላጭ?»

«በሰንጢ። ሰንጢ እገዛለሁ።»

«ሥራው ስምንት ቀን ነው የቀረው እኮ።»

«ስምንት ቀን ብዙ ነው» አልኩት።

አንድ እስር ፈቀዱልኝ። ሃምሳ ቀንበጥ።

ቅዳሜ በጠዋት የአፕል ጭራሮ በከረጢት ይዤ ደብረ ማርቆስ ወረድኩ። ጋሼ፣ የዛሬውን ሰንጢ ቢያዩት ይስቃሉ! ጠርሙስ መክፈቻ አለው፣ መቀስ አለው፣ ጥፍር መሞረጃ አለው፤ አንዱማ ባትሪ ተገጥሞለት ያበራል። የዓሣ ቅርጽ ያለውም አይቻለሁ። ባለሱቆቹን እያስፈቀድኩ በእያንዳንዱ አንድ ጭራሮ በሰያፍ ቆረጥኩ። ሁሉም ይቆርጣል። ግን ሁለቱን ቁርጥ ገጥሜ ወደ ፀሐይ ሳነሣው በመሃሉ ብርሃን ያልፋል፤ ብርሃን ካሳለፈ ደግሞ አይዝም። ስድስተኛው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው ምክንያቱ የገባኝ። እነዚህ ሁሉ የተሳሉት በሁለቱም ጎን ነው፤ ስለዚህ ስለታቸው እንጨቱን እንደ ማንኪያ ይጎደጉደዋል። የእርስዎ ሰንጢ አንዱ ጎኗ ልሙጥ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ስይዛት ለምን እንደሆነ አስቤ አላውቅም። እሷ ትሠራው ስለነበር እኔ የምሠራው ይመስለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ልቤ ውልቅ አለ። ምናለ ልክ ነበር ማለት ነው አልኩ። መናኸሪያው ጋ ደርሼ ወደ ሮብ ገበያ የሚመልሰኝን መኪና ስጠብቅ ቁልፍና ገመድ የሚሸጥ ሱቅ አየሁ፤ እዚህ ድረስ መጥቼ ይህን ሳላይ ብሄድ ይቆጨኛል ብዬ ገባሁ። ባለሱቋ ቀድሪያ ትባላለች፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ቀልደኛ ሴት ናት።

«እህቴ፣ ይህ ሁሉ ጭራሮ ምንድን ነው? ሱቄ ውስጥ እሳት ልታነጂ ነው?»

«የአፕል ነው። ሰንጢ ልሞክርበት።»

«እስኪ ሞክሪ፤ ግን ጠረጴዛዬን እንዳትፈልጪው።»

አራት ሰንጢ ሞከርኩ፤ አራቱንም መለስኩ። ቀድሪያ መጀመሪያ ትስቅ ነበር። ቆይታ ግን ሚዛኗን ትታ አጠገቤ ቆመች፤ አንዱን ቁርጥ ተቀብላኝም እንደ እኔ ወደ ብርሃኑ አነሣችው። «አሃ!» አለች። «ጥርሱ አልገጠመም።» ከዚያ ወንድሟን ተጣራች። «በሽር! ያንን የድሮውን ሣጥን አውርደው!»

በሽር ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የለበሰ ካርቶን አወረደ። ውስጡ የእንጨት እጀታ ያላቸው ስምንት ሰንጢዎች አሉ። ዝገት ለብሰዋል። «አያብረቀርቁም ተብለው የቀሩ ናቸው» አለኝ። አንዱን ከፈትኩ። ጣቴ እስኪቀላ ድረስ ጠንክሮ ተከፈተ፤ ከተከፈተ በኋላ ግን ሳወዛውዘው ወዲያ ወዲህ አይልም። በሽር ሞረድ አምጥቶ ጀርባውን ፈገፈገው። ሞረዱ ሳይነክሰው ተንሸራተተ። «ብረቱስ ብረት ነው» አለ እሱም ገርሞት። ግን ይህም በሁለት ጎን የተሳለ ነው።

ከካርቶኑ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ቀይ እጀታ ያለው፣ እንደ መስታወት የሚያበራ ሰንጢ ነበር። ሁሉንም ነገር ልናዘዝልዎ ብያለሁና ይህንም ልናገር፤ ቀዩን አንሥቼ ነበር። ምናለ ፊት ስመዘው፣ ያ እንግዳ አዳቃይ ሲያየኝ በዓይኔ መጣብኝ። በእንጨቱ እጀታ ብቀርብ የሚስቁት ሳቅም ተሰማኝ።

«ቀዩን ያዢ፤ ያምርብሻል» አለ በሽር።

«ተዋት» አለችው ቀድሪያ። «እጇን አታየውም እንዴ?»

እኔም እጄን አየሁት። ቀዩ በጣቶቼ ጫፍ ተንጠልጥሏል። የእንጨት እጀታ ያለውን ግን በሌላው እጄ ጭብጥ አድርጌ ይዤዋለሁ። ከስምንቱ አንድ በአንድ ስለታቸውን የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ እያስተኛሁ ያልጎበጠውን መረጥኩና ያንን ይዤ ወጣሁ። ቀሪውን መንገድ አውቀዋለሁ ብዬ አሰብኩ፤ ብረቱ ጥሩ ከሆነ አንዱን ጎን ራሴ አስተካክለዋለሁ።

ሮብ ገበያ ቀጥቃጩ ጌቱ፣ «በሞተሩ በአምስት ደቂቃ ልላጭልሽ» አለኝ።

«ሲግል ብረቱ አይሞትም?»

እጁን ከሞተሩ አነሣ። «ይሞታል፤ ስለት አይዝም» አለ። ከዚያ ገብቶ ለስላሳ መሳያ ድንጋይ አመጣልኝ። «ይህ የአባቴ ነው። ስትጨርሺ መልሽልኝ።»

አራት ቀን ሳልኩ። አንዱን ጎን አልነካሁትም፤ ሌላውን ድንጋዩ ላይ አስተኝቼ በውኃ እያራስኩ ገፋሁ። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ። በመጀመሪያው ቀን ቁርጤ እንደ ቅዳሜው ነበር። በሁለተኛው ቀን ትንሽ ተሻለ። በሦስተኛው ቀን ተበላሸ፤ አጋድዬው ኖሯል፤ ከመጀመሪያ ጀመርኩ። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ጭራሮ ቆርጬ ገጠምኩና በሬ ላይ ቆሜ ወደ ፀሐይ አነሣሁት። ጨለማ! እንደ ፀጉር የቀጠነ ብርሃን እንኳ አላለፈም። እልል ስል ጎረቤቶቼ ምን ተወለደ ብለው ሮጠው መጡ።

የማዳቀያው ቀን አምደሚካኤል መጣ። ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። የያዘው ሰንጢ የሙያው ነው፤ በጣም ጥሩ ነው። እኔ ሃምሳዬን ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ማንም ትዝ አላለኝም። አንድ ጊዜ ብቻ በረጅሙ መሳብ፣ መግጠም፣ ላስቲክ። ቀና ስል አምደሚካኤል አጠገቤ ቆሟል። ገና ያልጠቀለልኩትን አንዱን አነሣና ወደ ፀሐይ ያዘው። አዟዙሮ ሌላውን አነሣ።

«ሰንጢሽን አሳይኝ» አለ።

ሰጠሁት። በአውራ ጣቱ ስለቱን ዳሰሰው፤ ልሙጡን ጎን ገልብጦ አየ።

«ማን ሳለው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማዳቀልስ ማን አስተማረሽ?»

ስምዎን ስጠራ ድምፄ ከፍ ብሎ ነው የወጣው፤ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል።

አምደሚካኤል ወደ ምናለ ዞረ። «እኔ ላስቲክ ልጠቅልል። እሷ ትቁረጥ።»

«እንዴት ይሆናል?» አለ ምናለ። «አንተን እኮ ነው የጠራንህ።»

«ጠራችሁኝ፣ መጣሁ፣ አየሁ። የእሷ ቁርጥ ከእኔ ይጠራል። ቀንበጡ ሳይደርቅ ሥራው ይለቅ።» ይህን ብሎ የእሱን ክምር አቅፎ ፊቴ አስቀመጠና ከጎኔ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ እኔ ስቆርጥ እሱ ሲጠቀልል ዋልን። የበላነውም ተራ በተራ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አራት መቶ አሥራ ሁለት ቀንበጥ አልቆ ነበር። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ከዚያ በኋላ ያለፈው የጥበቃ ጊዜ ከሥራው ይከብድ ነበር። ምናለ በየጠዋቱ እየመጣ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ እኔ እንዳላየሁት እሆናለሁ። የካቲት አጋማሽ ላይ ቡቃያው እንደ አይጥ ጆሮ ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ወሩ ሲያልቅ ምናለ ራሱ ቆጠረ፤ አላመነም፣ ደግሞ ቆጠረ። ከአራት መቶ አሥራ ሁለቱ ሦስት መቶ ሰማንያ ስድስቱ ይዘዋል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት አባላት አስከትሎ ቤቴ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ስለ እጅሽ የተናገርኩትን አንሥቻለሁ። ስብሰባም ላይ እንዲሁ እላለሁ» አለኝ። ዓመቱን ሙሉ ለእሱ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ምን ያህል እንደ ተለማመድኩት እግዜር ያውቃል። ሁሉንም ተውኩት። «ግባ፣ ተቀመጥ» አልኩት። ገባ።

ጋሼ፣ ስለ ስብራቱም ስለ ውሸቱም ይቅር ይበሉኝ። ስብራቱ የአንዲት ቅጽበት ነው፤ ውሸቱ ግን ሁለት ዓመት ነው። እውነቱን የነገርኩዎ ዛሬ ደስ ስላለኝ ብቻ እንዳይመስልዎ። ዘንድሮም ባይሳካልኝ ኖሮ እጽፍልዎ ነበር፤ ደብዳቤው ግን አጭር ይሆን ነበር። አዲሷ ሰንጢ የማዳበሪያ ጆንያ ትፈታለች፣ ድንች ትልጣለች፣ የልጄን እርሳስ ትቀርጻለች። ቆርቆሮ አትከፍትም። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ በሽር ነው፤ ዕቃ ሊያመጣ ሐዋሳ ይወርዳል፤ የሣጥኑን ታሪክ ይጠይቁት፣ ከእኔ አሳምሮ ያወራዋል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። ያለፈው ሳምንት ግብርና ጽሕፈት ቤት አስጠራኝ። መርጡለ ማርያም ለሚሰጥ ሥልጠና አስተማሪ ፈልገዋል፤ ስሜን የሰጠው አምደሚካኤል ነው። ጸሐፊዋ ማርያማዊት ቅጽ አውጥታ ስሜን ጠይቃ ጻፈች፣ ዕድሜዬን ጠይቃ ጻፈች። ቀጥሎ «ሥራ» የሚለው ላይ ስትደርስ ሳትጠይቀኝ «የቤት እመቤት» ብላ ጻፈች።

«ሰርዢው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ልበል ታዲያ?»

«ችግኝ አዳቃይ በዪ።»

ሰረዘችውና በላዩ ጻፈች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ እንድፈርም ሰጠችኝ። ሰኞ በመጀመሪያው መኪና እሄዳለሁ፤ ሠላሳ ሰው ይጠብቀኛል።

አክባሪዎ፣
የብርጓል የኋላሸት
ችግኝ አዳቃይ
ሮብ ገበያ